ለሰው ነው ለጭነት?

«አማች ማለት እንዲህ ነው!» አሉ አባቦራ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «መንገዱ እንዳያንገላታት ብሎ ገለባ ጎዝጉዞ፣ ፍራሽ ደርቦ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነው የወሰዳት። ከሆዷ የወጣ ልጅ እንኳ ይህን አያደርግም፤ ወላሂ አያደርግም!»

ሸኩር አንገቱን ደፋ። «አይዞህ፣ ሰብር አድርግ» አሉት ከግራም ከቀኝም። ሰው የዋህ ነው መቼም፤ አንገቱን የደፋ ሁሉ በሐዘን ብቻ ይመስለዋል። ሸኩር ማዘኑንስ አዝኗል። አንገቱን የሰበረው ግን ኀፍረት ነበር፤ ቢችል ዳሱ ሥር ያለው መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠው ይመርጥ ነበር።

ሟቿ አዴ ዘይቡ የሚስቱ የፈድሊያ እናት፣ የአባቦራም ታላቅ እህት ናቸው። ከትናንት ወዲያ ማለዳ ሆዳቸውን ቆርጧቸው፣ ሸኩር በራሱ ፒክአፕ ከሸቤ ወደ ጅማ ሆስፒታል ሲወስዳቸው መንገድ ላይ ዐረፉ። ፈድሊያ ገና የዐሥር ቀን አራስ ስለነበረች አብራ አልሄደችም። ከኋላ አብረው የተሳፈሩት አባቦራ ብቻ ነበሩ።

«ለመሆኑ» አሉ ሼህ መሐሙድ፣ መቁጠሪያቸውን ገታ አድርገው፣ «መጨረሻ ላይ ሸሃዳውን አግኝታዋለች?»

«እንዴታ! በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት» አሉ አባቦራ ፈጥነው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ ብላ ነው የሄደችው።»

ዳሱ ባንድ አፍ «አልሃምዱሊላህ!» አለ። ከጓዳ ይሰማ የነበረው የፈድሊያ ለቅሶም ረገብ አለ። ሸኩርን የገደለው ይኼ መርገቡ ነው። ሚስቱ በውሸት ተጽናናች፤ እሱም የቀረበለትን ቡና ሳይቀምስ እንደያዘው አቀዘቀዘው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ጅማ፣ ከመካኒኩ ከጎሳዬ ጋራዥ ነው። የፒክአፗ የኋላ አሞርዛተሮች ዘይት ጨርሰው፣ አንድ ጉድጓድ በረገጠች ቁጥር አራት ጊዜ ትዘል ጀመር። አዴ ዘይቡ በየሐሙሱ ለገበያ ይሳፈሩባት ስለነበር፣ ያን ቀንም ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጎሳዬ ሁለት ጥንድ አሞርዛተር አውጥቶ መሬት ላይ ደረደረ።

«እይ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይኼ ከመኪናዋ ጋር ከመጣው ጋር አንድ ነው። ለስላሳ ነው፤ ኮረኮንቹን ይውጥልሃል። ስትጭን ግን ጀርባዋን ትጥላለች። ይኼ ደግሞ ስፕሪንግ የተጠመጠመበት ነው። አምስት ኩንታል ብትጭንባት እንኳ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ባዶዋን ስትነዳት ግን፣ አቦ፣ እንደ አህያ ነው የምትራገጠው። ሁለቱንም የሚያደርግ የለም። ለሰው ነው ለጭነት? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ሸኩር ሁለቱን ጥንድ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ዘመኑ ቡና ያለ መንግሥት ፈቃድ ጭኖ የተገኘ ሰው ከነመኪናው የሚታገትበት ዘመን ነበር። የኬላ ጠባቂዎች ደግሞ ብልጦች ናቸው፤ ሸራ ከመግለጣቸው በፊት የመኪናዋን ጀርባ ያያሉ። ጀርባዋን ከጣለች «አውርድ!» ነው። ቀጥ ካለች ግን፣ እጃቸውን አውለብልበው ያሳልፋሉ።

«አባ ረሺዳ» አሉ አዴ ዘይቡ ከጋቢናው። አማችን በስሙ መጥራት በሳቸው ቤት ነውር ነው፤ በመጀመሪያ ልጁ በረሺዳ ስም ነበር የሚጠሩት፣ ያውም አንቱ እያሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከዚህ አልወጡም። «ለሰው የሚሆነውን ያስገቡ። የሚሳፈርበት ሰው ነው።»

«ልክ ነው አዴ፤ ግን ጨውና ሽንኩርት ስለምጭን ነው» አላቸውና ወደ ጎሳዬ ዞረ። «ለጭነት አድርገው።»

አዴ ዘይቡ ጨውና ሽንኩርት አለመሆኑን ያውቁ ነበር። ትልቅ ሰው ምን ይሳነዋል? ሻሻቸውን አጥብቀው ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ወገባቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር እንጂ፣ ስለመኪናዋ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

የታመሙ ዕለት የአባቦራ ቡና፣ አምስት ኩንታል፣ በሸኩር ጎተራ ውስጥ ኬላ የሚያልፍበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። ሴቶቹ በሽተኛዋን ሲያለባብሱ አባቦራ ሸኩርን ወደ ጓሮ ሳቡት።

«ባዶዋን ከሄደች ስትራገጥ ትገድላታለች። ጭነት ካለባት ትረጋለች» አሉት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞስ የታመመ ሰው የያዘ መኪና ማን ያስወርዳል?»

ሁለቱም እውነት ነበር። ሸኩር የመጀመሪያውን እያሰበ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ጆንያዎቹን ያሸከመው ግን ሁለተኛው ነው። ጭነው፣ ገለባ ጎዝጉዘው፣ ፍራሽ እስኪያነጥፉ ግማሽ ሰዓት ሄደ። አዴ ዘይቡ በረንዳ ላይ ያቃስቱ ነበር። ሲያስተኟቸው በእጃቸው ገለባውን ዳበስ አደረጉ፤ ጣቶቻቸው ጆንያውን አገኙት። ሸኩርን ቀና ብለው አዩት።

ጅማ መግቢያ ኬላው ጋ ጠባቂው መሣሪያውን እንዳነገተ መጣ። የመኪናዋን ጀርባ አየ፤ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሊያሳልፍ እጁን ካነሳ በኋላ ምን እንደታየው እንጃ፣ መለስ ብሎ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ።

«እማማ፣ ከስር ምንድን ነው?»

ሸኩር ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። ያኔ አዴ ዘይቡ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። በዕድሜ ዘመናቸው የአላህን ስም ለከንቱ ያልጠሩ ሴት ናቸው፤ ገበያ ላይ እንኳ «ወላሂ በይ» የሚላቸውን ሰው ጥለው ይሄዱ ነበር።

«ይኼ ሹፌር ልጄ ነው» አሉ። «ወላሂ፣ ከስሬ ያለው ገለባ ብቻ ነው።»

ጠባቂው አፈረ። «ይቅርታ እማማ፣ አላህ ይማርዎ» ብሎ ገመዱን አወረደ።

ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልሄዱም፣ አባቦራ የጋቢናውን ጣሪያ በቡጢ ደበደቡት። ሸኩር ወርዶ ሲያይ አለቀ። «ምን አሉ?» አለ። «ምንም» አሉ አባቦራ፣ የእህታቸውን ዓይን እየከደኑ። ሸሃዳ ብሎ ነገር የለም። የአዴ ዘይቡ የመጨረሻ ቃል ለእሱ ሲሉ የማሉት የውሸት መሐላ ነበር።

በዚሁ በሦስተኛው ቀን ሼህ መሐሙድ ዱዓ አድርገው ሲነሱ፣ ሸኩር እስከ አጥሩ ሸኛቸው።

«ሼሂ፣ አንድ ሰው ሌላውን ለማዳን ብሎ በውሸት ምሎ፣ ወዲያው ቢሞትስ?»

ሼሁ ቆም ብለው አዩት። «የአላህ ምሕረት ሰፊ ነው። ከፋራ ግን አለው፤ ዐሥር ድሃ ማብላት። ሟቹ ካልደረሰበት ወራሾቹ ከተወው ንብረት ያወጡለታል።»

«ወራሾቹ ካላወቁስ?»

«የሚያውቀው ዝም ካለማ መሐላው በሟቹ አንገት ላይ ይቀራል» አሉ። ማን እንደሆነ አልጠየቁትም። አለመጠየቃቸው ነው የባሰበት።

ሲመለስ አባቦራ በር ላይ ያዙት። «ምን አልካቸው? ማሎ፣ እባክህ ሸኩር፣ ምላስህን ሰብስብ! የሞተ ተጎዳ። እሷ በክብር ሄዳለች፣ አንተም ተመስግነሃል፤ ምን ጎደለህ?»

«እሳቸው ናቸው የጎደለባቸው» አለና አልፏቸው ገባ።

ፈድሊያ ጓዳ ውስጥ ሕፃኑን ታጠባ ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቷን ሳያይ፣ ሁሉንም ነገራት። ጆንያዎቹን፣ ኬላውን፣ መሐላውን። ሸሃዳ እንዳልነበረም ነገራት። አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየደገመ ነው የጨረሰው። ከጨረሰም በኋላ ገና የቀረ ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር፤ እሷም አልማረችውም።

«ስትመለሱስ?» አለች። «ከኬላው ወዲህ እናቴን ይዛችሁ ስትመለሱ፣ ቡናው የት ነበር?»

«ጅማ አራግፈነው ነበር።»

«እሱን መጀመሪያ?»

«እሱን መጀመሪያ።»

ፈድሊያ ያቺን መኪና ታውቃታለች። ባዶዋን በዚያ ኮረኮንች ስትመጣ ምን እንደምታደርግ፣ ላይዋ ያለውን እንዴት እንደምታነሳና እንደምታፈርጥ ታውቃለች። አባቦራ የእህታቸውን ሬሳ እስከ ሸቤ ድረስ አቅፈው እንዲይዙት የተገደዱት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ሕፃኑን ከጡቷ አላቅቃ አስተኛችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሸኩር ብትሰድበው፣ በጥፊ ብትለው ተመኘ። ሊዳብሳት እጁን ዘረጋና መልሶ አጠፈው፤ በምን ፊቱ?

ኋላ ነጠላውን ገለጠች። «‹ልጄ ነው› አለች?»

«አዎ።»

«እኔ ፊት እንኳ ብላህ አታውቅም።»

«አታውቅም።»

«እንግዲህ ከማለችው ግማሹን እንኳ እውነት አድርግላት» አለች። ቁጣዋ አልበረደም፤ ዓይኗም እሱን አያይም። «ተነስ። ከፋራው ከእሷ እህል ነው የሚወጣው። የምትሰፍረው ግን አንተ ነህ። አጎቴን እኔ አናግረዋለሁ።»

የአዴ ዘይቡ ጎታ ከጓዳው ጥግ ነበር፤ በቆሎው ገና ከግማሽ አልጎደለም። ሸኩር ጣሳውን አንስቶ፣ ለአንድ ድሃ አንድ ጣሳ፣ መስፈር ጀመረ። ፈድሊያ የስልቻውን አፍ ይዛለት ቆመች። አንድ፣ ሁለት እያለ በለሆሳስ ይቆጥር ነበር፤ ሰባት ላይ ቁጥሩ ጠፋበት። ከዚያ በኋላ እሷ ቆጠረችለት። ዐሥረኛው ጣሳ ጎደለ። ፈድሊያ ቀና ብላ ሳታየው ጎታው ውስጥ እጇን ሰደደች፤ አንድ እፍኝ ዘገነችና በጣሳው ላይ ጨመረችበት።