ፓይ የማይገባበት ጀልባ

ኬዛያ ትሬምባዝ የሥጋ ፓይ ሊጡን መዳመጥ ጀምራ ሳለ ልጇ ጄጎ በጓሮው በር ገባ። ጭቃ የለበሰ ጫማውን አላወለቀም። ሌላ ቀን ቢሆን ወለሌን አበላሸኸው ብላ ትጮህበት ነበር። ዛሬ ግን ፊቱን አየችና አፏ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችው። የቆርቆሮ ማዕድኑ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ ይህን ፊት እንዲህ በርቶ አይታው አታውቅም።

«እማ፣ አገኘሁ!» አለ። «አጎት ዴንዚል ተቀበለኝ። ነገ ጠዋት እንወጣለን።»

«ምኑ ላይ ነው የተቀበለህ?»

«ጀልባው ላይ ነዋ! ሰውዬው ሠረገላ አለው እንዴ?»

«አንተ? ባሕር ላይ? ገንዳ ውስጥ ሳጥብህ እንኳ መንደሩን በጩኸት የምታናውጠው ልጅ?»

«ያኔ ሕፃን ነበርኩ።»

«ያለፈውን ዓመት ነው የማወራህ» አለችውና ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ሰንብቶ ነበር።

ካርን ብሮዝ ኮረብታ ላይ ያለች የማዕድን ሠራተኞች መንደር ናት። ከሥሯ ፖርትዌን የሚባለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ አለ። ከአንዱ ቆሞ የሌላው የጭስ ማውጫ ይታያል፤ ሆኖም ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ ሲናናቁ የኖሩ ናቸው። የወደቡ ሰዎች የኮረብታውን «ፍልፈሎች» ይሏቸዋል። የኮረብታው ሰዎች ደግሞ የወደብ ሰው ጸሎት ቤት ሲገባ ድመቶች ተከትለውት ይገባሉ እያሉ ያሾፋሉ። ከጦርነቱ በኋላ የቆርቆሮ ዋጋ ወደቀ፤ ኩባንያው የውሃ መሳቢያዎቹን አቆመ። ጉድጓዱ ከሥር ጀምሮ በውሃ ተሞላ። ወንዶቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ጉድጓድ ወዳለበት አገር ሁሉ ተበተኑ።

የኬዛያም ሁለት ታላላቅ ልጆች ወደ አውስትራሊያ ሄደዋል። መጀመሪያ ለገና ይጽፉ ነበር፤ አሁን ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ባሏ ቶቢያስ የድንጋዩ አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ሞቷል። የቀራት ጄጎ ብቻ ነው። እሱም እስከ መኸር ሥራ ካላገኘሁ አውስትራሊያ ያለው አጎቴ ዘንድ እሄዳለሁ ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ስለዚህ የወደቡ ሰው ሁሉ በአክብሮት አጎት በሚለው በዴንዚል ጀልባ ላይ የተገኘችው ቦታ ለኬዛያ እንጀራ ብቻ አልነበረችም፤ ልጇ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባባት ቦታ ነበረች።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ጄጎ፣ ዓይኑን ሊጡ ላይ ጥሎ። «ጀልባ ላይ ፓይ አይገባም።»

«እንዴት አይገባም?»

«ገደቢስ ነው ይላሉ። ጀልባ ላይ የጥንቸል ስም አይጠራም፣ ቄስ አይሳፈርም፣ ፓይም አይገባም። አጎት ዴንዚል ከሥራው በፊት የነገረኝ ይሄንኑ ነው።»

«ቄሱስ ይሁን፣ ወሬ ይበዛበታል። ፓይ ምን አደረጋቸው? ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«ዳቦ። የተጠበሰ ዓሣ።»

«ዓሣ ይዞ ዓሣ ፍለጋ የሚወጣ ሰው! ይሄ ነው ወይ ፍልፈል እያለ የሚሰድበን?»

«እማ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«ሰማሁህ» አለች። «ዳቦ እሰጥሃለሁ።»

እውነትም ይህን ስትል ዳቦ ልትሰጠው አስባ ነበር።

በካርን ብሮዝ ግን ፓይ ምግብ ብቻ አልነበረም። ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት ተከትፎ ሊጥ ላይ ይደረጋል፤ ሊጡ ይታጠፍና ጠርዙ እንደ ወፍራም ገመድ ይገመዳል። ጉድጓድ የወረደ ሰው እጁ በማዕድኑ መርዝ የተበከለ ስለሆነ፣ ያን ጠርዝ ይዞ ይበላና ጠርዙን ይጥለዋል። የተጣለው በዓለቱ ውስጥ ለሚኖሩት ለትንንሾቹ መናፍስት ነው፤ እነሱ ሳይደርሳቸው ከቀረ ድንጋይ ያወርዳሉ ይባላል። በፓዩ አንድ ማዕዘን ላይ ደግሞ ጋጋሪዋ ከሊጥ የቀረጸችው የባለቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ። ሰው ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ወደ ስሙ እየበላ ይሄዳል፤ ግማሹን አስቀምጦ ወደ ሥራው ቢመለስ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ በጣቱ ዳስሶ የራሱን ያገኛል። ባሏን ያለ ፊደል የላከች ሴት ያለ ስም እንደላከችው ትቆጠራለች።

የኬዛያም ባል አንድ ቀን እንዲሁ ያለ ስም ወጥቶ ነበር። ከቶቢያስ ጋር በማይረባ ነገር ተጣሉና ፓዩን ጠረጴዛ ላይ ትቶባት ወጣ። ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ መሰላል ተሰብሮበት ወደቀ፤ እስኪሞት ድረስ አነከሰ። ቶቢያስ አንድም ቀን በዚያ ወቅሷት አያውቅም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ወንድ ያለ ፓይ አስወጥታ አታውቅም።

ጄጎ ሲተኛ ዳቦውን በጨርቅ ጠቀለለች። ከዚያ የተዳመጠውን ሊጥ አየችው። ጉድጓዱ ክፉ ነበር፤ ነገር ግን መሬት ነው፣ ሰው ይወድቅበታል እንጂ አይውጠውም። ባሕሩ ግን የወሰደውን ብዙ ጊዜ አይመልስም። እዚያ ላይ ልጄን ያለ ስም ልላከው? ለእሁድ ያስቀመጠችውን ሥጋ አወጣች። በደንብ ከተፈች፣ ጠርዙን ገመደች፣ የጄጎን ፊደል ከወትሮው አስበልጣና አሳምራ ቀረጸች። ሲበስል በትርፍ ሹራቡ ጠቅልላ ከቦርሳው ሥር ቀበረችው። ማንም አያየውም፤ ሲርበው ብቻውን አግኝቶ ይበላዋል አለች ለራሷ። የተነገራትን ሳትረሳ፣ እያወቀች አደረገችው።

ጠዋት ደጅ ላይ ስማ ሸኘችው። ግን መቀመጥ አቃታት፤ ፎጣዋን ጣል አድርጋ ቁልቁል ወረደች። ወደቡ ላይ ሴቶቹ ግንቡን ተደግፈው ዓሣ በቢላዋ ያጸዳሉ። ከሁሉ ድምፀ ትልቋ ሞርዌና ገና ከሩቅ አየቻት።

«እዩ እዩ፣ ፍልፈሏ ከጉድጓዷ ወጣች! አክስቴ፣ ልጅሽን ዓሣ እንዳይነክሰው ልትጠብቂ ነው?»

«ዓሣው እንዳይመረዝ ፈርቼ ነው» አለች ኬዛያ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ እንድትቀመጥበት ቅርጫት ገለበጠችላት። የዴንዚል ጀልባ ቡናማ ሸራውን ነፍቶ ከወደቡ ግንብ አልፎ ወጥቷል፤ ሌሎቹም ተከትለውታል። ጄጎ ከጀልባው ኋላ ቆሞ ገመድ ሲጠቀልል ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕሩ ለኬዛያ ያን ያህል ክፉ አልመሰላትም።

ከዚያ ሸራው ወረደ። ጀልባው ባለበት ትንሽ ተወዛወዘና አፍንጫውን ወደ ወደቡ አዞረ። ሌሎቹ ጀልባዎች በግራና በቀኝ አልፈውት ሄዱ። ሞርዌና ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች።

«ምን ረስተው ነው?»

«ሰው ታሞባቸው ይሆናል» አለች ሌላዋ።

ኬዛያ ግን አወቀች። 

የሆነው ነገር ቀላል ነበር። ከቀዛፊዎቹ አንዱ ማዕበል መታውና ራሰ። ጄጎ፣ ደግ ልጅ ነው፣ «እንካ ትርፍ ሹራብ አለኝ» ብሎ ከቦርሳው መዞ ወረወረለት። ፓዩ ከሹራቡ ውስጥ ወድቆ የጀልባው ወለል ላይ አረፈ።

ዴንዚል አጭር፣ ሽበታም፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ፓዩን በጨርቅ ይዞ፣ ክንዱን ከሰውነቱ አርቆ ወረደና ግንቡ ላይ አስቀመጠው። ጨርቁ ሲገለጥ ወርቅ የመሰለው ቅርፊትና ፊደሉ ፀሐይ ላይ ወጡ። የሚስቅ አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለ ጄጎ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ረስቼ ነው፣ አጎት ዴንዚል።»

«ውሸቱን ነው!» ኬዛያ ከቅርጫቱ ተነሳች። «እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም። እሱማ አስጠንቅቆኝ ነበር።»

«አውቃለሁ አክስቴ» አለ ዴንዚል። «ሰው ለራሱ እንዲህ አሳምሮ ፊደል አይቀርጽም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን ይዘኸው ሂድ። እኔን ስደበኝ፣ ከፈለግህ እዚሁ ውሃ ውስጥ ጣለኝ።»

«ፊደሉ ባይኖርበት» አለ ዴንዚል በዝግታ፣ «ሰዎቼ እርስ በርስ ተጠራጥረው፣ ተሰዳድበው፣ ውሎ አድሮ ይረሱት ነበር። አሁን ግን ባለቤቱ ታውቋል። በዚህ ነገር እኔ አምናለሁ አላምንም አልልሽም። ግን ነገ ነፋስ ቢነሳ፣ መረብ ቢቀደድ፣ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሱን ነው። ገመዱን ትቶ ሰው የሚያይ ደግሞ ይሞታል፤ ወይ እሱ ወይ የታየው። ለልጅሽ ብዬ ነው የማወርደው ብልሽ አታምኚኝም። ግማሹ ግን እውነት ነው።»

ጄጎ ቦርሳውን ከጀልባው አነሳ። ቀዛፊዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ልብሱ እንዳይነካቸው ሸሽተው ነበር የለቀቁለት። ሹራቡን የተዋሰው ሰው አውልቆ፣ አጣጥፎ ግንቡ ላይ አኖረለት። ከእጅ ወደ እጅ አልሰጠውም። ፓዩን የሚነካው ጠፋ። እናትና ልጅ ዳገቱን ሲጀምሩ የባሕር ወፎቹ ወረዱበት።

ግማሽ መንገድ ላይ ጄጎ «ነግሬሽ ነበር» አለ።

«ነግረኸኝ ነበር።»

ዳገቱ ሲጠናባት ክንዷን ደግፎ ያዛት፤ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጄጎ በየማለዳው ወደብ መውረዱን አልተወም። ባለ ጀልባዎቹ በክፉ አልመለሱትም። «ሞልቶብናል የኔ ልጅ» ይሉታል፣ ዓይኑን ሳያዩ። ልጆች ግን «ጄጎ ፓይ! ጄጎ ፓይ!» እያሉ እስከ ዳገቱ ሥር ይከተሉታል። ሞርዌና አንዱን ልጅ በእርጥብ ጓንቷ በጥፊ አለችው፤ በማግስቱም ያው ሆነ። እሷም ብትሆን ኬዛያን ስታይ እንደ ድሮው አትቀልድም፤ ቅርጫት አትገለብጥላትም። ሳትፈልግ ነው፤ የሷም ባል ባሕር ላይ ነው።

አንድ እሁድ ኬዛያ የጸሎት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ዴንዚል ቤት ሄደች። ወንበር ሰጣት፣ ሚስቱ ሻይ ቀዳችላት። እሷ ግን ሻዩን ሳትነካ፦

«መርገምም ከሆነ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው» አለች። «በመጽሐፍ ቅዱስ እምልልሃለሁ፣ ሁለተኛ እጄን ሊጥ ውስጥ አልከትም።»

ዴንዚል ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«አክስቴ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። እኔ ራሴ ስለ ልጁ ብዬ ዞሬ ጠይቄአለሁ። የፖርትዌንን ጀልባ ሁሉ። ማዶ ወዳለው ወደብም ሄጄ ነበር፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ጎበዝ ልጅ ነው። በሦስት ዓይነት ቋጠሮ ነው ገመድ ያሰረልኝ፣ ገና ማንም ሳያሳየው። ምን ላድርግልሽ?»

ኬዛያ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውየው ጨካኝ ነው እያለች ነበር የተጽናናችው፤ ጨካኝ ሰው አንድ ቀን ልቡ ሊራራ ይችላልና። የራራ ልብ ይዞ እምቢ የሚል ሰው ፊት ግን ምን ይባላል? ሻዩን ጠጣች። አመስግና ወጣች።

በዚያው ሳምንት ጄጎ አውስትራሊያ ላለው አጎቱ ጻፈ። የመርከቡ ትኬት ሲመጣ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ አነበበላት፤ ደስ ያለው ለመምሰል ሞከረ፣ አልቻለበትም። ዕቃውን የሚሸክፍ ዕለት፦

«ለመንገድ ፓይ አትሠሪልኝም እንዴ?» አላት። «ባቡርና ትልቅ መርከብ ግድ የላቸውም።»

ከራሷ ጋር ሊያስታርቃት ፈልጎ መሆኑ ገብቷታል።

«ሥጋ የለም» አለችው። ሥጋ ነበረ።

ባቡር ጣቢያው በካርን ብሮዝ እናቶች ተሞልቶ ነበር። ያን ቀን የሚሄዱት ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ እየዘፈነ፣ አንዳንዱ ጢሙን እየነካካ ይሳፈራል። ከኬዛያ ጎን የቆመች ሴት ዓይኗን እየጠረገች፦

«ቆርቆሮ ዋጋው ሲመለስ ይመጣሉ፣ አይደል አክስቴ?» አለቻት።

«አይመጡም» አለች ኬዛያ። ክፋት አልነበረባትም፤ ሌላ የምትለው አጥታ ነው።

ጄጎ ሳማት፣ ከንፈሩ ጉንጯ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ገባ። በየትኛው መስኮት ብቅ እንደሚል ቆማ ጠበቀች። ተሳፋሪው ተጨናንቆ ኖሮ ወደ ማዶው ገፍተውት ይሆናል፣ በዚህ በኩል አልታየም። ባቡሩ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። በየመስኮቱ የማታውቃቸው ልጆች ፊት እየተከታተለ አለፈ። መጨረሻው መስኮት ላይ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ፣ እናቱ መምጣት አልቻለችም ይሆናል፣ ብቻውን ጣቢያውን ያያል። ኬዛያ እጇን አነሳችና ባቡሩ ኩርባው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ለሱ አወዛወዘች።