ስክሪኑ አረንጓዴ ሳለ

ሰው የድረ ገጽ ስም ሲጽፍ አድራሻውን ፈልገው የሚነግሩት ሰርቨሮች አሉ፤ ዲኤንኤስ ይባላሉ። እሷ በአንድ የኢንተርኔት ድርጅት ውስጥ የእነሱ ተቆጣጣሪ ነበረች፦ አሉ ወይ? ቶሎ ይመልሳሉ ወይ? ስክሪኗ አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው፤ ከቀላ ግን እሪ በይ ነው።

ሰሞኑን ነገሩ አላምር አላት። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከሰዓት በኋላ የደንበኞች ስልክ ይንጫጫል። ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ታላቅ እህቷ ሳትቀር ደወለች።

«የታካሚዎች መመዝገቢያው አልከፈት ብሎኛል። ሰዉ ተኮልኩሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እናንተ ምን ትሠራላችሁ?»

«እኔ ጋ እኮ ሁሉም ደህና ነው፣ እታለም።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ የምዋሸው!» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ጥርጣሬዋ «ዝምታው» ላይ አረፈ። ዝምታው የሚሉት አዲሱን የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ሰላምታ እንኳ ተለምኖ ነው የሚሰጠው። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሹልክ ይላል። ሲመለስ ደግሞ ስክሪኗን በስርቆት ያያል። «ይሄ ሰውዬ የሚጎነጉነው ነገር አለ» አለች በሆዷ።

አንድ ቀን ጫማዋን አውልቃ ተከተለችው። የጀርባው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር አገናኝቶ አገኘችው።

«ያዝኩህ!»

ላፕቶፑን ጥርቅም አደረገው። «እኔ ነኝ የያዝኩሽ» አላት። «ሰርቨሮቹን በስልኬ፣ ከውጭ ስጠይቃቸው አይመልሱም። ያንቺ ስክሪን ግን አረንጓዴ ነው። ምንድን ነው የምትደብቂው?»

ክው አለች። ለካ እሷ እሱን ስትጠብቅ እሱ እሷን ይጠብቅ ኖሯል!

አብረው ወደ ጠረጴዛዋ ሄዱ፤ አንዱ ሌላውን አላመነምና ወንበሮቻቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። ስክሪኑን የሚመራውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሲከፍቱት ጉዱ ወጣ። ሰርቨሮቹን እንደ ደንበኛ ከውጭ ይጠይቅ የነበረው፣ አሁን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከጎናቸው ካለ ማሽን ነው የሚጠይቀው። ቅርብ ለቅርብማ ምን ጊዜም ይመልሳሉ።

«ይህን መቀየር የሚችለው ማነው?»

«እኔና ጋሼ ብቻ» አለች። ጋሼ የምትለው ሥራውን ያስተማራት አለቃቸውን ነው። ዝምታው ገላመጣት፤ አልፈረደችበትም።

አለቃው ሲጠየቁ አልካዱም።

«ይሄው ስክሪን የበላዮች ግድግዳ ላይም ተሰቅሏል። በቀላ ቁጥር የምጠራው እኔ! ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ሲበዛባቸው ሰርቨሮቹ አይችሉም፤ ጨምሩልኝ ብል የሚሰማኝ የለ። ለጊዜው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ለጊዜው? እርስዎን አምኜ እህቴን ውሸታም አደረግኳት እኮ፣ ጋሼ!»

እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብላ መቆጣጠሪያውን እንደ ቀድሞው መለሰችው። ስክሪኑ ደም መሰለ። ወዲያው የአለቃው ስልክ ጮኸ፤ ኮታቸውን እያስተካከሉ ወደ ላይ ወጡ።

ቀዩን በዓይናቸው ያዩት የበላዮች ተጨማሪ ሰርቨር ፈቀዱ፤ የደንበኞች እሮሮም በረደ። አለቃው ከቦታቸው አልተነሱም። ዛሬም «ልጄ» ይሏታል፣ እሷም «አቤት ጋሼ» ትላለች። ግን እሳቸው ጠረጴዛዋ አጠገብ በቆሙ ቁጥር፣ እስኪሄዱ ድረስ ዓይኗን ከእጃቸው ላይ አታነሳም።