በጆሮው ልክ

ባሌ ኩኒዮ አንድ ነገር ከመግዛቱ በፊት ሻጩንም እኔንም በጥያቄ ነፍሳችንን የሚያወጣ ሰው ነው። እኔን ሲያገባ ይህን ያህል ማሰቡን እጠራጠራለሁ። ያንን የጆሮ ማዳመጫ ለመምረጥ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሰፈር ወደሆነው ኒፖንባሺ ተመላለሰ። የሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሱ ብጤ ወንዶች በረድፍ ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ከተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይውላሉ። ማንም ማንንም አያናግርም። አንዱን ሲጨርሱ በአልኮል ጠርገው ይመልሱና ሌላ ያነሳሉ። መጀመሪያ ይዞኝ የሄደ ቀን ለቅሶ ቤት የገባሁ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

«ይሄኛው ዘፋኟን ከመጋረጃ ጀርባ ያቆማታል» ይለኛል።

«አንተ ደግሞ እኔን ከግድግዳ ጀርባ አቁመኸኛል። በል ተነስ፣ ምሳ እንብላ።»

ሻጩ ሚናሚዴ ይባላል። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ገና አፉን ሲከፍት ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው። በመጨረሻ «እርስዎን የሚያረካዎት በጆሮዎ ልክ የሚሠራ ብቻ ነው» ብሎ ገላገለኝ። ኩኒዮ መሳቢያ ሙሉ የነበሩትን ማዳመጫዎቹን አንድም ሳያስቀር ሸጠና ያንን አዘዘ። ዋጋውን አልናገርም። እናቴ ቀድማኝ ሞተች እንጂ ሰምታ ትሞት ነበር።

ልኩን ሲወስዱለት አብሬው ነበርኩ። ጆሮው ውስጥ ክር ያለው ጥጥ ከተቱና እንደ ሊጥ ያለ ሮዝ ነገር ሞሉበት። አፉ እንዳይከደን ጥርሱ መሀል እንጨት አስነከሱት። ሊጡ እስኪደርቅ አፉን ከፍቶ ዓይኑን ሲያቁለጨልጭ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሚናሚዴ ግን ጥርሱን እንኳ አላሳየም።

ከርሞ ከርሞ ሁለት ጥቁር ሰማያዊ ነገሮች በሳጥን መጡ፤ እያንዳንዳቸው አደንጓሬ ቢያክሉ ነው። የኩኒዮን የጆሮ ውስጥ እጥፋት አንድ በአንድ ይዘዋል። የግራው ቀኝ ጆሮው ውስጥ አይገባም፣ የቀኙም ግራው ውስጥ አይገባም። የሌላ ሰው ጆሮ ውስጥማ ጨርሶ! እሱ ገላውን ሲታጠብ ሰርቄ ሞክሬው የሌላ ሰው አርቲፊሻል ጥርስ አፌ ውስጥ የከተትኩ ያህል ቀፈፈኝ። ስለዚህ እሱ የሚሰማውን እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ግን ፊቱን አይቻለሁ። እራት በልተን ጠረጴዛው ሳይነሳ ማዳመጫውን አደረገና የሚወዳትን ዘፈን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ማቺኮ፣ መዝፈን ከመጀመሯ በፊት ምራቋን ስትውጥ ይሰማል።»

«እኔ ስንት ዓመት ስውጥ የሰማኝ የለም» አልኩት። ቢሆንም ደስ አለኝ። ኩኒዮ የሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ ሲሠራ ውሎ አፉን ሳይከፍት የሚገባ ሰው ነው። በሱ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

በዝናቡ ወር መግቢያ ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ማዳመጫውን አውልቆ ትክ ብሎ አየው። «ግራው ደከመ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ያላደረገው የለም። ቀዳዳውን በትንሿ ብሩሽ ጠረገ። ገመዱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። ግራው ያው ደካማ ነው። ማጫወቻውን ቀየረ፣ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ እሱም የግራውን ቀኝ ጆሮው ላይ አድርጎ መስማት ነው። እሱ ደግሞ አይገባም። ሌላ ማዳመጫ ቤት ውስጥ የለም፣ ሸጦታል። ስለዚህ የግራው ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ቁርጡን ወሰነ። በነጋታው ከሥራ ሲወጣ ለሚናሚዴ ሰጥቶት መጣ። ጆሮው ትንሽ እንደተደፈነ ነገረኝ፤ «ቅርጹ ተጣሞ ሲጫነው ነው የከረመው» አለ።

እኔ ማዕድ ላይ የምቀመጠው በግራው በኩል ነው። በዚያ ሳምንት «ምን አልሽ?» አበዛ። ሾርባ ልጨምርልህ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። መጀመሪያ ማዳመጫው ናፍቆት ያኮረፈ መስሎኝ ነበር። ይህንኑ ለመሳቂያ ብዬ ገበያው ውስጥ በጨው የተዘፈዘፈ ጎመን ለምትሸጠው ወዳጄ ለሺጌኖ አወራሁላት። ሺጌኖ አንድ ጆሮዋ አይሰማም፤ ደንበኛ ሁሉ በቀኟ ዞሮ ነው የሚገዛት። እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን ከገንቦው አውጥታ ከነጨዋማነቱ አንጓዬን ያዘችኝ።

«ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለተኛውን ሳምንት ይዟል።»

«ሐኪም አየው?»

«ማዳመጫውን ልኮታል እንጂ…»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? የኔም እንዲሁ ነበር የጀመረው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒት ከተጀመረ የሚመለስ አለ፤ ከዚያ ካለፈ ውሃ በላው። እኔ ኩክ ነው ብዬ በጥጥ ስጎረጉር ነው ያለፈኝ። ሂጂ፣ አንጠልጥለሽ ውሰጂው!»

ጎመኑን ሳልይዝ ወጣሁ። ኩኒዮ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ በር ላይ ያዝኩት። ለመንኩት፣ ቀጥሎ ተቆጣሁት፣ ቀጥሎ መልሼ ለመንኩት። እሱ ሳቀ።

«የኔ ጆሮ? ይሄ ጆሮ እኮ የብርና የመዳብ ገመድ ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ነው።»

«ገመዱን ለየ፣ ሚስቱን ግን አልሰማም። በሞቴ ኩኒዮ፣ አንዴ ታይና ካልሆነ ዕድሜ ልክህን ሳቅብኝ።»

«ተጠግኖ ይምጣና ግራው አሁንም ከደከመ፣ ያልሽው ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ቃሌ ነው።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አንድ ወር ቢፈጅ ነው።»

ጫማ ማውለቂያው ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ በላዬ ተሻግሮ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ለገበያ አብረን ወጣን። ሰፈራችን ሱሚዮሺ ላይ የከተማዋ አሮጌ ባቡር በመንገዱ መሀል ነው የሚያልፈው። ከግራ በኩል ደወሉን እየደወለ መጣ። ኩኒዮ ረጋ ብሎ እግሩን ወደ ሐዲዱ አነሳ። ኮሌታውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት፤ ሸሚዙ ተቀደደ። ባቡሩ ሲያልፍ ነፋሱ ፊታችንን መታን።

«ሐሳብ ላይ ነበርኩ» አለኝ።

ዘንቢሉን እጁ ላይ ጥዬ በቀጥታ ኒፖንባሺ ሄድኩ።

ሚናሚዴን እቃው ቶሎ እንዲመጣ እርዳኝ ልለው ነበር የሄድኩት። ሺጌኖ ያለችኝን፣ ኩኒዮ የገባልኝን ቃል፣ የባቡሩንም ነገር ሳልተነፍስ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰደኝና አንገቱን ደፋ።

«እመቤት፣ የባለቤትዎ ማዳመጫ ብልሽት የለበትም።»

«እንዴት አወቁ? ገና አልተመለሰም እኮ።»

«ያመጡት ቀን እዚሁ በመሣሪያ ለክቼዋለሁ። ግራውም ቀኙም አንድ ነው።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወደ ፋብሪካው ላክሁት።»

ደሜ ፈላ። እርስዎ ማለቱ ከአፌ ጠፋ። «ለምን አልነገርከውም? አንተ ሰው፣ ለምን አልነገርከውም?»

«ደንበኛን ጆሮዎ ነው አይባልም፣ እመቤት። ደንበኛው ግራው ደከመ ካለ፣ ደክሟል። እንደዚህ ብለው ነው ያስተማሩን። አሳፍራቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ እናቴ የተሳደበችውን ሁሉ ሳልሰድብ አልቀረሁም። በረድፍ የተቀመጡት ወንዶች አንዳቸውም ዓይናቸውን አልገለጡም። ሁሉም ጆሯቸው ተደፍኗል። ሚናሚዴ ብቻ አጎንብሶ ሰማኝ። ሲደክመኝ ከመሳቢያ አንድ ተራ ኢርፎን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ጫፉ ክብ ነው፣ በየትኛውም ጆሮ ይገባል። «ይህን ግራና ቀኙን አገላብጠው ያሰሟቸው» አለኝ።

ቤት ስደርስ ኩኒዮ የተቀደደውን ሸሚዝ ለብሶ ሻይ ይጠጣል።

«ይሄን ስማልኝ።»

«ምንድን ነው? የልጆች መጫወቻ?»

«ስማ ብዬሃለሁ!»

የሚወዳትን ዘፈን ከፈትኩለት። ትንሽ ሰማና ፈገግ አለ። «ይሄም ግራው ደክሟል። ሚናሚዴ ምን ነካው፣ የተበላሸ ነው እንዴ የሚሰጥሽ?»

ከሁለቱም ጆሮው አወጣሁና አቀያይሬ መልሼ ከተትኩለት። የግራው ቀኝ ገባ፣ የቀኙ ግራ ገባ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠፋ። ራሱ አውልቆ አቀያየራቸው። ደግሞ አቀያየራቸው። ዘፈኑ አለቀ፣ እንደገና ከፈተው፣ እንደገና አቀያየረ። ማየቱ አቃተኝ፤ ግን አየሁት።

«ማቺኮ» አለኝ። «ጫማዬን ስጪኝ።»

«ተዘግቷል ኩኒዮ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ እስከ ሰኞ አይከፍቱም።»

እንዳልሰማኝ ሆኖ ተነሳ። ጫማውን አጥልቆ ክሩን አሰረና በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ዘንድ ስልክ ደወልኩለት፤ ሁሉም ጆሮ የሚያይ ሐኪም የሚገባው ሰኞ ነው አሉኝ። ስለዚህ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በቀኙ በኩል ነው የተቀመጥኩት።

ሰኞ ጠዋት የሐኪሙ በር ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ነበርን። ሐኪሟ ለኩኒዮ ጆሮ ድምፅ እየሰጠች መስመር ሣለች። የቀኙ መስመር ከላይ፣ የግራው ወረቀቱ ሥር ነው። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለች። ከዚያ በላይ አላለችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። መድኃኒቱን ሰጠችን። ኩኒዮ አንዲት ፍሬ ሳያዛንፍ ዋጠ። መድኃኒቱ ፊቱን አሳበጠው፣ እንቅልፉን ወሰደው፤ መስመሩ ግን ካለበት አልተነሳም። በየቀጠሮው ወረቀቱን ከሷ ቀድሜ ሰርቄ አይ ነበር። አንዲት ስንዝር ከፍ ትላለች ብዬ ዓይኔ እስኪፈዝ አይቻለሁ። አላለችም።

ግራ ጆሮው ውስጥ በድምፅ ፋንታ ቀጭን ጩኸት ገባበት። አይቆምም። «ማዳመጫ ቢሆን መልሼው ነበር» አለኝ አንድ ቀን ሊያስቀኝ ብሎ። እኔም ልስቅለት ሞክሬ አለቀስኩ።

ዝናቡ ሲያቆም ሚናሚዴ ቤታችን መጣ። በፖስታ አልላከውም፣ ራሱ ይዞት መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በጥሩ ወረቀት የተጠቀለለ ኬክ በግራ እጁ፣ የማዳመጫውን ሳጥን በቀኝ እጁ ይዞ በሩ ላይ አጎነበሰ። ለዚህ ቀን ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። ሌሊት ሌሊት ስደረድረው የከረምኩ ነው። ሻይ ላቀርብ ስገባ እንኳ በልቤ እደግመው ነበር።

«ፋብሪካው የግራውን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቀይሮታል፣ ጌታዬ» አለ ሚናሚዴ። «ስላደረስንብዎት ችግር ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ድምፁ ተቆረጠ።

ኩኒዮ ሳጥኑን ከፈተ። ሁለቱን ጥቁር ሰማያዊ አደንጓሬዎች በየጆሮው ከተተ። የግራው አሁንም በልኩ ነው፤ ያን የሞተ ጆሮ እጥፋት በእጥፋት ሞላው። የሚወዳትን ዘፈን ከፈተና ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ሱቁ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማ። ሚናሚዴ ተንበርክኮ ይጠብቃል። እኔ የሻይ ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ።

ኩኒዮ ማዳመጫውን አወለቀና ለሚናሚዴ አጎነበሰለት።

«ግራው ድኗል» አለው። «እንደ አዲስ ሆኗል። ስላስቸገርኩህ ይቅርታ።»

ሚናሚዴ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ ቀረ። ኩኒዮም አብሮት እንዳጎነበሰ ነው። ያጠራቀምኩትን ስድብ ተውኩት። ሻዩን አስቀምጬ እኔም አጎነበስኩ።

ልንሸኘው በር ላይ ቆምን። ሚናሚዴ ጫማውን ሲያደርግ ከኩኒዮ በስተግራ ነበር። ጎንበስ እንዳለ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፣ «ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ኩኒዮ አልሰማውም። መንገዱን እያየ ፈገግ ብሎ ቆሟል። በሱ ፋንታ እኔ መለስኩለት።