የቶቡ ቦርሳ

ሳሚያ አሶሳ በሚገኘው ቤቷ በረንዳ ላይ ለእናቷ ለዓኢሻ እየተገለበጠ በሁለቱም ፊት የሚያዝ ቦርሳ ትሰፋለች። አንዱ ፊት ዓኢሻ በሠርጓ ሰሞን የተጠመጠመችው ቶብ፣ ሰውነት ላይ የሚጠመጠም ረጅም የሴት ልብስ፣ ነው፤ ሌላው የሳሚያ ባል ጉባ ላይ ሲሠራ የለበሰው የካኪ ሱሪ። ዓኢሻ ቶቡን የሰጠቻት «ቀዳዳ ካየሁበት አልቀበልሽም» ብላ ነው።

ሳሚያ ከቶቡና ከካኪው የሰፋቻቸውን ሁለት ከረጢቶች አንዱን በሌላው ውስጥ ከትታ፣ ፊታቸውን አገናኝታ፣ ማንገቻዎቹን በመካከል አስገብታ አፋቸውን ዙሪያውን ሰፋች። ልትገለብጠው ስትል እጇን የምታስገባበት አጣች። መገልበጫ ክፍተት መተው ረስታለች።

«ምነው፣ ትራስ ነው እንዴ የሰፋሽልኝ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ዓኢሻ።

ሳሚያ ስፌቱን ዳሰሰችው። ቶቡ አርጅቶ ሳስቷል፤ ልፍታህ ብትለው ይቀደዳል። ካኪው ግን ወፍራም ነው። የካኪውን የታች ስፌት መዳፍ በሚያህል ርዝመት በምላጭ ፈታች። ቦርሳውን በዚያ ስባ ገለበጠችውና ክፍተቱን በእጅ መርፌ ዘጋችው።

ዓኢሻ ቶቡን ወደ ብርሃን ይዛ መረመረችው። ቀጥላ ካኪውን ስታይ ጠማማውን ስፌት አገኘች።

«ይሄስ?»

«እሱ የባሌ ሱሪ ነው፣ እማ።»

«እንግዲያው የሚቆጣሽም እሱ ነው» አለችና የቶቡን ፊት ወደ ውጭ አድርጋ፣ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወደ ገበያ ወጣች።