ለሁለት የተከፈለው ቁምሳጥን

እትዬ ብሩሽ የሚለውን ስም ያወጡላት የቤት ዕቃ ፋብሪካው አናጺዎች ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እነሱ የሠሩትን አልጋና ቁምሳጥን ቫርኒሽ ስትቀባ ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ መጋዝ አስጨብጠዋት አያውቁም። "አንቺ ማሳመሩን ያዢ፣ መቁረጡ ምን ያደርግልሻል?" ይሏት ነበር። እሷም ስቃ ታልፋለች። ዓይኗ ግን ከእጃቸው ላይ አይነሳም።

ጡረታ በወጣች በአራተኛው ወር አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሞተች። እህቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ባሏ ሲሞት ልጇን አዝላ ወደዚህ ቤት ከመጣች ወዲህ ልጁን ሁለቱ ተጋግዘው አሳደጉት። ልጁ አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ሩቅ ከተማ ገብቷል። ለቀብር መጥቶ ሲመለስ የእናቱን የስፌት መኪና ይዞ ሄደ። እህትየዋ ትሠራበት በነበረው የጓሮ ክፍል ውስጥ አራት የመኪና እግር ምልክት ወለሉ ላይ ቀረ።

ለቅሶ ደራሹ ወደየቤቱ ሲመለስ ቤቱ ጭር አለ። እትዬ ብሩሽ ጠዋት ተነስታ የምታነጋግረው ሰው አጣች። ቀትር ላይ ሱቅ ሄዳ "ሳሙና ስጠኝ" ስትል ድምጿ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ እያለ ይወጣ ጀመር። እሷም ደነገጠች፤ ባለሱቁም ደነገጠ።

አንድ ቀን ሜትር ይዛ ወደ ጓሮው ክፍል ገባችና ከግድግዳ ግድግዳ ለካች። በማግስቱ መሣሪያ ሻጩ ጋ ሄዳ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሦስት መሮና አንድ የእንጨት መቆንጠጫ ሞርሳ መረጠች።

"ለባለቤትዎ ነው እናቴ?" አላት ሻጩ።

"ባለቤቱ እኔው ነኝ" አለችው።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋት የሥራ ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛ ለመሥራት ደግሞ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ቀን ወለል ላይ ተንበርክካ ሠራችው። ሲቆም ተንገዳገደ። አንዱን እግሩን አሳጠረች፤ በሌላው በኩል ተንገዳገደ። ያንንም አሳጠረች። እንዲህ እያለች ጠረጴዛው እንደ ራሷ አጭር ሆኖ አረፈ። ከዚያ ብርሃን እንዲያገኝ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ መትታ መሣሪያዎቿን ሰቀለች፤ የጎደለው ቶሎ እንዲታወቅ የእያንዳንዱን ቅርጽ በእርሳስ ከበበችው። ከእሷ በቀር የሚያነሳቸው ግን ማንም አልነበረም።

ያላሰበችው አንድ ነገር ቢኖር አናጺነት አራት እጅ የሚፈልግ መሆኑን ነው። ፋብሪካው ውስጥ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ጫፉን ይይዛል። እሷ ስትቆርጥ ጣውላው መጨረሻው ላይ ወርዶ ይሰነጠቃል። ወንበር ደገፈችለት፤ በሻርፕ አሰረችው፤ በጉልበቷ ተጫነችው። አልሆነም።

በሁለተኛው ሳምንት በሩ ተንኳኳ። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ነርስ ናት፤ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ዓይኗ ቀልቷል።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ የምተኛው ቀን ነው። መዶሻዎ የሚያርፈው እኔ ጭንቅላት ላይ ነው።"

"ውይ በሞትኩት! አላወቅኩም እኮ ልጄ!"

"እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ይተዉኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ቢያፈርሱትም ግድ የለኝም።"

ልትመለስ ስትል በሻርፕ የታሰረውን ጣውላ አየችና ሳቋ አመለጣት። "ምን አድርጎ ነው የታሰረው?" ብላ ጫፉን ያዘች። "በሉ ይቁረጡ።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከእንቅልፏ ስትነሳ ብቅ ትል ጀመር። ጫፍ እየያዘች ሐኪሞቹን ታማለች፤ እትዬ ብሩሽ ደግሞ እየላገች ትስቃለች። አንድ ቀን፣ "ለእናቴ ቁምሳጥን ይሥሩልኝ፤ ልብሷን በካርቶን ነው የምታስቀምጠው። ሰፋ ያለ ይሁን" አለቻት።

የቁምሳጥኑ ጎኖች ሳይቆሙ የነርሷ ዝውውር መጣ፤ ያውም እናቷ ወዳለችበት ከተማ። ነርሷ በደስታ ዘለለች። እትዬ ብሩሽም "እልል!" አለችና ወደ መላጊያዋ ተመለሰች።

"ሲጨርሱ መኪና እልካለሁ" ብላ ሐሙስ ዕለት ሄደች።

አሁን መዶሻው ከንጋት ጀምሮ ቢጮህ የሚነቃ ሰው የለም። እትዬ ብሩሽ ግን ስምንት ሰዓት እስኪሆን እጇን አጣጥፋ ትጠብቅ ነበር። እሑድ እሑድ የእህቷ ልጅ ይደውላል። "አክስቴ፣ ቤቱን ሽጠሽ ወደ እኛ ነይ" ይላታል። "ሥራ ይዣለሁ" ትለዋለች። ለጣውላው ጫፍ ባለሦስት እግር መደገፊያ ሠራች። መደገፊያው አይደክመውም፣ አይንቀጠቀጥም፤ ሐኪም ግን አያማም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ አራት ጊዜ ቫርኒሽ የጠጣ ቁምሳጥን ክፍሉ መሃል ቆመ። ሹፌሩ አንድ ተሸካሚ ይዞ መጣ። አነሱት፤ በበሩ ግማሹ እንደወጣ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ መዞር እምቢ አለ። አጋደሉት፣ ገለበጡት፣ መለሱት።

"እማማ፣ መውጫውን ሳይለኩ ነው እንዴ የሠሩት?" አለ ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ።

"የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም" አለችው።

ይህን ስትናገር ራሷም ሰማችው። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። "በአሥራ አምስት ቀን በዚሁ አልፋለሁ" ብሎ ባዶውን ሄደ።

እትዬ ብሩሽ ቁምሳጥኑ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኮላው ደርቋል፤ ማጋጠሚያው እንኳን በእጅ በመዶሻም አይላቀቅም። በሕይወቷ እንደዚህ ያማረ ነገር ሠርታ አታውቅም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትወርድ አየችው። ከዚያ ተነስታ ከላይ እስከ ታች መሃሉን በእርሳስ አሰመረች። ሲለያይ እንዳይወድቅ አንዱን ጎን በመደገፊያው፣ ሌላውን በእህቷ ፍራሽ ደግፋ መጋዙን አሳረፈችበት። ሁለት ቀን ፈጀባት። ባዶ ለቀሩት ጎኖች አዲስ ጣውላ ገጠመች፤ ሁለቱ ግማሾች በብሎን እንዲታሰሩ አደረገች።

ሹፌሩ በቃሉ መጣ። ግማሾቹ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይነኩ፣ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ደወለች። "እትዬ! እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች። መሃሉ ላይ ያለው መስመር ምንድን ነው?"

"መተላለፊያዬ ጠባብ ነው።"

"እኔ ብኖር እነግርዎት ነበር።"

"እሱማ አዎ።"

ከነርሷ ወዲያ ሰው ይስቃል፣ ሳህን ይንኳኳል።

"አሁን ምን እየሠሩ ነው?"

"አለ አንድ ነገር" አለች እትዬ ብሩሽ።

ስልኩ ተዘጋ። ክፍሉ ውስጥ ቁምሳጥኑ የነበረበት ቦታ በመጋዙ ሳጋቱራ መሃል ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የተጀመረ ነገር አልነበረም። የተናገረችው ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ብላ ከጥግ አንድ ጣውላ አወጣች፤ ምን እንደሚሆን ገና ሳታውቅ ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችው።