ለእሱ የተላጠ ብርቱካን

የባትሪ ቤቱ ሰዎች «ብረቱ» ይሉታል። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈለጠ፣ በውስጡ ያለውን እርሳስ እያቀለጠ ዕድሜውን ሲገፋ ጉንፋን እንኳ ደፍሮት አያውቅም። በኋላ ግን ሆዱን ቁርጠት ሰቅዞ ያዘው፤ መዶሻውም ከእጁ ያመልጠው ጀመር። ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሟ ደሙን አስመረመረችና፣

«እርሳስ መርዞዎታል፤ ከዚያ ሥራ ይውጡ» አለችው።

«ወጥቼ ምን ልብላ?»

ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። «ዶክተር፣ የሚረዳው ምግብ የለም?»

ሐኪሟ አመነታች። «ቫይታሚን ሲና ኢ እርሳስ ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊቀንሱ ይችላሉ የሚሉ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ በእንስሳት ላይ የተሠሩ ናቸው። ቢወስድ አይከፋም፤ ግን ጭሱን እየዋጠ ከቀጠለ አያድኑትም።»

የሚስቱ ጆሮ የያዘው «ሊቀንሱ ይችላሉ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የፍራፍሬ መደብር መሰለ። ጠዋት ብርቱካን ልጣ፣ ፍሬውን ለቅማ አውጥታ ታጎርሰዋለች፤ ማታ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ ትቆማለች።

«አንቺስ አትበዪም?»

«እኔ ምን ሆኜ! እርሳስ የምታቀልጠው አንተ። ይልቅ አፍህን ክፈት።»

እየሳቀ ይውጣል። ቁርጠቱ ጋብ ሲልለት ቫይታሚኑ ሠራ ብሎ ልቡ ሞላ፤ ሥራውንም አልተወም። አመሻሽ ላይ ሲገባ ሚስቱ እንደ ወትሮዋ ቱታውን ትቀበለዋለች፤ መተላለፊያው ላይ አራግፋ፣ ግራጫው አቧራ ፊቷ ላይ ሲቦን እያስነጠሳት፣ በእጇ ታጥበዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ወጡን ሁለቴ ጨው ጨመረችበት። ቀጥሎ የገዛ እህቷ ስም ጠፋት። ተሳሳቁበት። በኋላ ግን ፊቷ አብጦ፣ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ወድቃ አገኛት።

ሐኪሟ የሚስቱን የደም ውጤት አይታ፣ «የሥራ ልብስዎን ማነው የሚያጥበው?» ብላ ጠየቀችው።

ወሽመጡ ተቆረጠ።

«እርሳሱን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት እንሞክራለን» አለች ሐኪሟ። «ኩላሊቷ ግን ከእንግዲህ አይመለስም።»

«ብርቱካን ልስጣት? ክኒኑንም?»

«አይሆንም። በደከመ ኩላሊት የብርቱካን ፖታሲየም ደም ውስጥ ተከማችቶ ልብ ሊያቆም ይችላል። ክኒኑንም እንዳይሰጧት።»

በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ። አለቃው ለምን ብሎም አልጠየቀው፤ በዚያው ቀን ሌላ ሰው ምድጃው ላይ ቆመ። እሱ የቤቱን መተላለፊያ ደጋግሞ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ፤ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ሚስቱን ለኩላሊት እጥበት ያመላልሳታል። አንዳንዴ ታውቀዋለች፤ አንዳንዴ ደግሞ «የማን ቤት ነው ያመጣኸኝ?» ብላ ታለቅሳለች።

ልታስታምም የመጣችው ታናሽ እህቷ ትራሱን እያስተካከለች አየችው። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ፊቱም ወዝ ይዟል።

«እንኳን አንተ ተረፍክ» አለችው፣ ከልቧ።

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።