ማንም የማይከፍተው ገጽ

ጉዲቱ ለገበሬዎች የሠራችው መተግበሪያ ገና ጣት ሳይነሣ ይከፈታል። ኮዱን ከፋፍላዋለች፤ መጀመሪያ የፊቱ ገጽ ብቻ ይመጣል፣ ሌላው ሲነካ ከኢንተርኔት ይወርዳል። «መርዝ ከነካዎት» የሚለውን ገጽማ ማን ይከፍተዋል ብላ ሰው ከነካው ብቻ እንዲመጣ ኋላ ወሸቀችው።

ዛሬ አዳሚ ቱሉ፣ ሽንኩርት ማሳ ዳር ቆማ መተግበሪያውን ስታስተዋውቅ፣ ፀረ ተባይ ሲረጭ የነበረው ኤባ አረፋ እየደፈቀ ወደቀ። ያንኑ ገጽ ነካችው። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ጥፍት ብሏል፤ ነጩ ስክሪን ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ዝም ብላ ትሽከረከራለች።

አባቱ ኦቦ ነጋሳ የልጃቸውን ራስ ደግፈው፣ «ልጄ፣ ምን አድርጉ ይላል?» አሏት።

ከክቧ ሥር ራሷ የጻፈችውን አነበበችላቸው።

«እባክዎ ትንሽ ይታገሡ ይላል።»